ጣት አይጠፋም

እናቷ «ንቢት» ብላ ስም ያወጣችላት ገና ዳዴ ሳትል ነው ይባላል። ሲያስቀምጧት ትንፏቀቃለች፣ ሲያቅፏት ትወራጫለች፣ ሲያስተኟት ደግሞ እግሯ ብቻውን መንገድ ይሄዳል። አድጋም አልተሻላትም። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ሰው ሲያናግራት አፏ ይመልሳል እንጂ እጇ ጠረጴዛ ይጠርጋል፣ የተንጋደደ ፎቶ ያቃናል፣ የሰው ኮት ላይ ክር ፈልጎ ይነቅላል። ጎረቤት ለወሬ ብቅ ሲል እናትየው ወንበር ትስባለች፣ ንቢት መጥረጊያ ታነሳለች። እንግዳው ተባረርኩ ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ይህች ሴት የምትረጋው ስትንበረከክ ብቻ ነው። ሥራዋ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ጠዋት አንዱ ጥግ ላይ ትንበረከክና እያፈገፈገች አመሻሽ ላይ በሩ ጋ ትደርሳለች፤ ትናንት ኮረኮንች የነበረው ክፍል ከፊቷ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ጓንት አታደርግም። ፎርማኑ አዲስ ጓንት በሰጣት ቁጥር አመስግና ኪሷ ትከተዋለች። «ጓንት ዓይን የለውም» ነው መልሷ። ሁለት ሴራሚክ የተጋጠመበትን መስመር በጣቷ ጫፍ ዳበስ ታደርገዋለች፤ አንዱ ከሌላው የፀጉር ያህል ከፍ ካለባት ትነቅለዋለች። ሲሚንቶ ቆዳ እንደሚበላ አጥታው አይደለም። ቢበላም ይበቅላል ባይ ናት። መቼም ሰው በሚኮራበት ነገር ሲመክሩት አይሰማም።

ለሰው ስታነጥፍ የኖረችው ንቢት የራሴ የምትለው ወለል ኖሯት አያውቅም። እናቷን ይዛ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትዞር ነው የጎለመሰችው። አሁን ያሉባት አንዲት ክፍል ወለሏ ተሰነጣጥቋል፤ ላብጀው ብትል አከራይዋ ከለከለቻት። «ካሳመርሽው በኋላ አልወጣም ትያለሽ» አለቻት። ወለሉን እንዳትነካ የተከለከለችው ንቢት በዕቃው ተወጣችው። ዛሬ አልጋው መስኮት ሥር ነው፣ ነገ በሩ ጋ። እናትየው መታጠቢያ ቤት ደርሳ ስትመለስ፣ አልጋ ነው ብላ ባዶ ወለል ላይ ልትቀመጥ ትንሽ ነው የሚቀራት።

እራት ሲቀርብ ደግሞ የነገው ቤት ይመጣል።

«ምድጃው» ትላለች ንቢት፣ ቆማ እየጎረሰች፣ «ረስተሽው ብትተኚ ራሱ ይጠፋል። መብራቱ ስትነሺ ያውቅሻል፣ እስከ መታጠቢያ ቤት እየበራ ይሸኝሻል። ብትወድቂ ግድግዳው ይሰማና ለእኔ ይደውላል።»

«ግድግዳው ከሰማማ ሰው የት ሆነን ልናማ ነው?» ትላለች እናትየው። ከዚያ «ላም አለኝ በሰማይ» ትልና ቀሪውን ከጉርሻዋ ጋር ትውጠዋለች።

እናትየው እግሯን ካመማት ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትንቀሳቀስም። ምርኩዙ ደግሞ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ እየተቀረቀረ ጥሏት ያውቃል፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ንቢት ሥራ ላይ ሆና ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ የሚለው ለዚህ ነው። የነገው ቤት ለእሷ ቅንጦት አልነበረም። እናቷ የማትወድቅበት ወለል ነበር የምትፈልገው።

ላሟ ግን ከሰማይ ወረደች። ንቢት ታነጥፈው የነበረው ሕንፃ እሷ እራት ላይ የምትዘረዝረው ሁሉ ያለበት ነበር፤ ራሱ የሚጠፋ ምድጃ፣ ሰው የሚያውቅ መብራት፣ ውድቀት የሚሰማ ግድግዳ። ኩባንያው ከቤቶቹ ጥቂቱን ለሠሩት ሰዎች በዕጣ እሰጣለሁ ሲል ሠራተኛው ሁሉ «ወሬ ነው» ብሎ ስቆ ነበር። ሰጠ። ለንቢት ወጣላት። በዚያው ኮሪደር ለልስን ሠሪውም ወጣለት፣ ደረጃ ለምታጥበው ሴትዮም። ንቢት ሮጣ ቤት ገብታ እናቷን ከነወንበሯ አንስታ አዞረቻት፤ እናትየው «አውርጂኝ አንቺ ዕብድ» እያለች ስትስቅ እንባዋ መጣ።

አዲሱ ቤት ቁልፍ የለውም። በሩም፣ ምድጃውም፣ ውሃውም የሚታዘዘው በጣት ነው። መግቢያው ላይ «ቁልፍ ይጠፋል፣ ጣት አይጠፋም» የሚል ማስታወቂያ በትልቁ ተሰቅሏል። ጣቱን ያላስመዘገበ ባለዕጣ ቤቱን ለተጠባባቂ ይለቃል። የምዝገባው ቀን እናትየውን እግሯ አላስነሳት ስላለ ንቢት ብቻዋን ሄደች።

መዝጋቢው ቴክኒሻን ትሁት ወጣት ነው። «አውራ ጣትዎን እዚህ ያድርጉልኝ» አላት። አደረገች። ማሽኑ ቀይ አበራ። ሌባ ጣቷም ቀይ። የግራ እጇንም ሞከረ፣ በአልኮል ጠረገላት፣ ማሽኑን አጥፍቶ አበራ። ቀይ። በመጨረሻ እጇን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋውና አገላብጦ አየው።

«እህቴ» አላት ድምፁን ቀንሶ፣ «አሻራዎ አልቋል እኮ።»

ከኋላዋ ልስን ሠሪው ቀረበ፤ ቀይ። ደረጃ አጣቢዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረበች፤ ቀይ። ከኩባንያው ቢሮ ዕጣ የወጣላቸው ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ ግን አንዴ ነካ አድርገው በአረንጓዴ አለፉ። ንቢት ይህን ቆማ አየች። ግድግዳውን የለሰነው፣ ወለሉን ያነጠፈችው፣ ደረጃውን ያጠበችው ውጭ ቀሩ፤ ሕንፃውን በፎቶ የሚያውቁት ገቡ። ደሟ ፈላ፤ ግን በማን ላይ እንደምትጮህ አጣች። ማሽን አይሰደብ ነገር።

«ይመለሳል» አላቸው ቴክኒሻኑ። «ሌላ የምዝገባ ቀን አለ። እስከዚያ እጃችሁን አሳርፉ፣ ሲሚንቶም በረኪናም አትንኩ፣ ቫዝሊን ተቀቡ። ቆዳው ሲያገግም አሻራው ይወጣል።»

«እጄ ካረፈ አፌ ምን ሊበላ ነው?» አለ ልስን ሠሪው፣ መልስም ሳይጠብቅ ወደ ሥራው ሄደ። አጣቢዋም ባልዲዋን አነሳች።

ንቢት አረፈች። ማረፍ ከተባለ። እጇን በቫዝሊን ለውሳ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብድግ ትላለች። ጓንትን ስትንቅ የኖረች ሴት አሁን ላስቲክ አድርጋለች፤ ማንኪያ እንኳ እናቷ ታነሳላታለች። ጠዋት አልጋውን ወደ ሌላ ቦታ በክርኗ ልትገፋ ሞከረች። በየቀኑ ጣቷን ወደ መስኮት ወስዳ ታየዋለች። መስመሮቹ ብቅ ማለት ሲጀምሩ «እማዬ፣ ነይ እዪው» ትላለች። እናትየው መነጽሯን አድርጋ፣ ያየችው ነገር ባይኖርም፣ «በቅሏል፣ በቅሏል» ትላታለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ንብ እንኳ ስታርፍ ማር ትበላለች፣ አንቺ ምን ሆነሻል?» ትላለች።

የምዝገባው ቀን ሲቃረብ ንቢት መቀመጡ ጭራሽ አልሆነላትም። «ቤቱን አይቼ ብቻ ልመለስ» አለች። እናትየው ቀና ብላ አየቻት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለቻት። ንቢት ግን በሩን አልፋለች።

ኮሪደሩን በእሷ ቦታ የገባ ሌላ አንጣፊ ጨርሶት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ንቢት ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ላስቲኩን ሳታስበው አውልቃ ተንበርክካ ነበር። ጣቷን አሳለፈችው። ከደፉ ፊት ለፊት አንዱ ሴራሚክ ከፍ ብሏል። ከጎኑ ያለውም ከፍ ብሏል። ልክ የምርኩዝ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ።

ፎርማኑ ሲደርስ ሁለቱን ነቅላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምዝገባሽ ደርሷል እኮ። ተይው፣ አንጣፊው ራሱ ያስተካክለዋል» አላት።

«እሱ መቼ አየው? ቢያየው መቼ እንዲህ ይተወዋል?»

«እሺ ጓንቱን አድርጊ። ስለ እናትሽ ብለሽ።»

ንቢት ጓንቱን ተቀበለች። አደረገችው። አንድ ሴራሚክ አስቀመጠች፣ በጎማ መዶሻ መታ መታ አደረገች፣ መጋጠሚያውን ዳበሰች። ምንም አልተሰማትም። አሁንም ዳበሰች። ከዚያ ጓንቱን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱ ይነሳል፤ ከደፉ እስከ ኮሪደሩ መታጠፊያ ድረስ ነቅላ አነጠፈችው። ቀኑን ሙሉ፣ በማግስቱም። ያን ጊዜ ልቧ ረግቶ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ተነስታ እጇን ስትታጠብ ነው ውሃው ያቃጠላት፣ ያን ጊዜ ነው ያደረገችው ነገር የገባት። እዚያው ቧንቧው ሥር ቆማ አለቀሰች።

በምዝገባው ቀን እናትየው «እስቲ የተወራለትን ቤት ልየው» ብላ ምርኩዟን ይዛ አብራ መጣች። ንቢት ጣቷን አደረገች። ቀይ። ቴክኒሻኑ እጇን አየና «ምነው?» አላት።

ከዚያ ድንገት እናትየውን አያት። «እናቴ፣ አብረው ነው የሚኖሩት?»

«የት ልሄድ?»

«እስቲ ጣትዎን።»

እግሯን ካመማት ጀምሮ ያረፈው የእናትየው ጣት ማሽኑን ገና ሲነካ አረንጓዴ በራ። ደንቡ ለካ ከቤተሰቡ የአንዱ ጣት ይበቃል ይላል። ንቢት «ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?» ብላ ልትጮህበት ስትል፣ ብቻዋን እንደመጣች ትዝ አላት። ልስን ሠሪው በሚስቱ ጣት፣ አጣቢዋ በልጇ ጣት ተመዘገቡ።

«እኔ ተቀምጬ ቤት አገኘሁ» አለች እናትየው በሩ ሲከፈትላት። «አንቺ ስትሮጪ ኖረሽ እንግዳ ሆንሽ።» ምርኩዟን ደፉ ላይ አሳረፈች። አልተቀረቀረም። በአዲሱ ወለል ላይ እስከ መስኮቱ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ንቢት ከኋላ ሆና የምርኩዙን ድምፅ ብቻ ትሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኑሮው እንዲህ ሆነ። ንቢት ከሥራ ትመለስና የራሷን በር ታንኳኳለች። በሩ በሚያምር ድምፅ «እባክዎ ጣትዎን ያስቀምጡ» ይላታል። ከውስጥ «መጣሁ፣ ቆይ» ይባላል፣ ከዚያ ምርኩዙ ቀስ እያለ ይመጣል። ዕድሜ ልኳን ሰው ቆማ ጠብቃ የማታውቅ ሴት እዚያ ቆማ ትጠብቃለች። ከፊት ለፊቷ አጣቢዋ ልጇ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከልስን ሠሪው ጋር ሦስቱም ቢሮ ሄደው ቁልፍ ጠየቁ። በሩ ቀዳዳ እንደሌለው ተነገራቸው።

ቴክኒሻኑ ማሽኖቹን ሊያይ ሲመጣ ንቢት ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«እናቴ ብትወድቅ ግድግዳው ይደውላል አይደል?»

«አዎ፣ ወዲያው።»

«ለማን?»

«ለተመዘገበው ሰው» አለ።

«ለራሷ?»

«አመለክታለሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ንቢት ሥራ ላይ እንኳ መርጋት አቃታት። ተንበርክካ ሳለች ሳይቀር ጆሮዋ ስልኳ ላይ ነው፤ የማይደውልላትን ግድግዳ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ቀደም ብላ ወጥታ መጣች። አንኳኳች። ዝም። «እማዬ» አለች። ዝም። «እባክዎ ጣትዎን ያስቀምጡ» አለ በሩ። አስቀመጠች። የቀኙን ሁሉ፣ የግራውን ሁሉ አስቀመጠች። ልሙጥ ጣቷ መስታወቱ ላይ ይንሸራተትባታል። በመዳፏ መታችው፣ በትከሻዋ ገፋችው፣ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ራሷ ያነጠፈችው ወለል ላይ ተንበርክካ በበሩ ሥር ልታይ ሞከረች፤ ሥራዋ ጥሩ ስለነበር ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ አልነበረም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የምርኩዙ ድምፅ መጣ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ» አለች እናትየው በሩን ከፍታ። የልጇን ፊት ስታይ ሳቋን ተወችው። «ምነው ልጄ?»

ንቢት ገብታ የሥራ ቦርሳዋን ዘረገፈችው፤ ስባሪ ሴራሚክ አነሳች፣ ተንበርክካ በሩና መቃኑ መካከል ሰነቀረችው። በሩ ሊዘጋ ታገለና አቃተው። «በሩ አልተዘጋም» አለ በዚያው በሚያምር ድምፅ። ደግሞ አለ።

«እንዲህ ተከፍቶ ሊያድር?» አለች እናትየው። «ሌባ ቢገባስ?»

«ይግባ» አለች ንቢት። «ሌባ የሚገባበት ቤት ለእኔም አይዘጋም።»

በማግስቱ ጠዋት ልስን ሠሪው ተከፍቶ ባደረው በር ብቅ አለ። በሩን አየ፣ ስባሪውን አየ፣ ንቢትን አየ።

«ሌላ ስባሪ አለሽ?» አላት።

ንቢት ሻይዋን ቆማ እየጠጣች ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጣ ቦርሳዋን አነሳች። ከፊት ለፊት አጣቢዋም እጇን ዘርግታ እየመጣች ነበር።