ለግፋታ የተቀመጠ ባትሪ

አባይነሽን በዱቦ አካባቢ የማያውቃት የለም፤ ቆጣቢ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ለግፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በየሳምንቱ የሚያጠራቅሙት ቅቤ እሷ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። በዓሉ ሳይደርስ ጣቷን የነከረች ሴት ከአባይነሽ አፍ አታመልጥም። አደራ ላይ ቀልድ አታውቅም። ጉድ የሠራትም ይኸው ጠባይዋ ነው።

ባሏ ደገፉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሣ መብራት ገና ወደ ሰፈሩ አልገባም ነበር። ከሶዶ ሶላር ገዝቶ በሚኒባስ አመጣና ቆርቆሮው ላይ ሰቀለ። ባትሪውን ከአልጋው ራስጌ አስቀምጦ አንዲት አምፖል ከደጁ በላይ አንጠለጠለ።

«ለግፋታ ስመለስ ከመንገድ ጀምሮ እንዲታየኝ ነው» አላት።

መንገደኛ ሲሰናበት የማይለው የለም። እሷ ግን ቃሉን እንደ ቅቤው በአደራ ያዘችው።

እሱ ከሄደ በኋላ ምሰሶ ተተከለ፣ ሽቦ ተዘረጋ፣ ለእሷም ቆጣሪ ገባላት። ይኼኔ የደገፉን ባትሪ ከሽቦው ነቅላ በነጠላ ጠቀለለችና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የእሱ መብራት ለእሱ ይቆይ ብላ ነው። የሰፈሩ መብራት ሲሄድ ጎረቤቶቿ «ምነው ያን ሶላር ብታበሪው?» ይሏታል። «የግፋታ ነው» ትልና ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብላ ባሏን ትናፍቃለች። ናፍቆቷን ለማንም አትናገርም። እሱ ራሱ ሲደውል እንኳ «ደህና ነኝ፣ አታስብ» ነው መልሷ።

ዘንድሮ ደገፉ «ለግፋታ እመጣለሁ» አለ። አባይነሽ እግሯ መሬት አልነካ አለ። ቤቱን አስቀባች፣ ሙቹዋ ለሚባለው የበዓሉ ምግብ የሚሆነውን ቆጮ አሰናዳች፣ ባትሪውን አውጥታ እንደ ድሮው አገናኘች። አምፖሏ ጭል እንኳ አላለችም። በማግሥቱ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ሶላር ፀሐይ ሲመታው ዋለ፤ ያው ነው። ጨነቃትና ሶዶ ውስጥ ሶላር የሚጠግነውን ቃለሕይወትን አስጠራች። ባትሪውን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ ባትሪ ቆይቷል እንዴ ሳይሠራ?»

«አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም!» አለች በኩራት።

«እሱ ነዋ የገደለው። ባትሪ እንደ ቅቤ አይቀመጥም፤ ካልሞላና ካልጎደለ ይሞታል። በየቀኑ ቢያበሩት ኖሮ ዛሬም ይሠራ ነበር።»

በጨለማ የተቀመጠችበት ያ ሁሉ ምሽት ትዝ አላትና እንባዋ መጣ። ቃለሕይወት አሳዝናው መሰላሉን አቆመ።

«አይዞዎት፣ አምፖሏን በኃይል መቀነሻ ከቆጣሪው ጋር ላገናኛት።»

«ተው! የሱ ናት፣ በሱ ባትሪ ነው የምትበራው» አለችው።

እሱ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ስልኳ ጮኸ። ደገፉ ነበር።

«አባይነሽ፣ ዘንድሮም አልሆነም። እዚህ ሱቄን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ለከርሞ ግን በእርግጠኝነት...» አለ። ሊያጽናናት ብሎም «ደግሞ አሁን መብራት ገብቶልሻል፤ ምን ይጎድልሻል?» ሲል ጨመረ።

«አታስብ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«መብራት እንኳ ሄዶ ይመጣል» አለች። «አንተ ሄደህ ቀረህ። ናፍቀኸኛል፣ ደገፉ። በጣም ናፍቀኸኛል። ባትሪህም ሞቷል፤ ለአንተ ስቆጥበው ሞተ።»

ከወዲያ በኩል ሲያለቅስ ሰማችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታባብለው ነበር። ዛሬ ግን ለቅሶውን አዳመጠችውና ስልኩን ዘጋች።

«ቃለሕይወት፣ ከቆጣሪው ጋር አገናኛት።»

«ለበዓሉ ብቻ ነው?»

«በየማታው ትብራ» አለች አባይነሽ። «ለኔም እኮ ይመሻል።»