በፍሬኑ ሥር የነበረው ጡጦ

ከመንገዱ ዳር ቆሜ ስመለከት መጀመሪያ ያየሁት ጡጦውን ነው። በመካኒኳ መፍቻዎች መካከል፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሕፃን ጡጦ ተቀምጧል። እሷ ግን ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም።

ጀልባ የጫነው ተጎታች ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሟል፤ ከታች ሐይቁ ነው። የተጎታቹ ፍሬን ካልያዘ ጀልባው ተጎታቹን የሚስበውን መኪና ከነሹፌሩ ገፍቶ ውኃ ውስጥ ይከተዋል። ከእሷ በፊት ሁለት መካኒኮች የፍሬን ዘይት ጨምረውበት ሄደዋል፤ አሁንም አይይዝም።

"እትዬ፣ ጎማው ገና ጡት አልጣለም እንዴ?" አለ ባለጀልባው፣ ጡጦውን እያየ።

"ወሬህን ትተህ ግፋ።"

እሱ ከተጎታቹ ፊት የፍሬኑን ዘንግ ሲገፋ፣ እሷ ከኋላው ጎማ በቀጭን ቱቦ ዘይቱን ወደ ጡጦው ታወርዳለች። አረፋ ወጣ፤ ደግሞ ወጣ፤ አላቆም አለ። ዓይኗን ጨፍና የፍሬኑን ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። አንድ መጋጠሚያ ላይ ጣቷ ረጠበ።

"አየር የሚገባው በዚህ ነው፤ አየር የገባበት ፍሬን አይይዝም።"

የዛገውን መጋጠሚያ ለወጠችና እንደገና አስገፋችው። ዘይቱ አንዲት አረፋ ሳይኖረው፣ የማር መልክ ይዞ ጡጦው ውስጥ ወረደ።

መኪናው ተጎታቹን ይዞ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ። እመሃል ሲደርስ ባለጀልባው ፍሬን ያዘ፤ ተጎታቹም አብሮት ቀጥ አለ።

"ያዘ! እትዬ፣ ያዘልኝ!" እያለ በመስኮት ጮኸ።

"በዚህ ጡጦ ዛሬ ሐኪም የሆነ ልጅ አሳድጌበታለሁ፣" አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ያንተ ጎማ ያቅተኛል?"

ጡጦውን ጠርጋ በጨርቁ ጠቀለለችና ብብቷ ሥር ይዛ፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር መንገዷን ሄደች።