የአራሷ ቤት አመድ

የጫካው ጠባቂ አጥሬን ባፈረሰ ቀን ያወረድኩበትን እርግማን ዛሬ ልድገመው ብል አፌ አይታዘዘኝም። ያኔ ግን በደንብ ታዞኝ ነበር።

የምንኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ፣ ከሙጫ ዛፍ ጫካ ጥግ በተሠሩ የሳር ጎጆዎች ነው። ወንዶቹ ከመተማ በኩል ለሰሊጥ ሥራ የመጡ ናቸው፤ እኔ ምግብ አበስልላቸዋለሁ። ታናሽ እህቴም ባሏን ተከትላ መጥታ እዚያው ሴት ልጅ ወለደች። እናታችን ሩቅ ስለሆነች አራስ መጠበቁ በእኔ ላይ ወደቀ። ስትወልድ ደም በብዛት ስለፈሰሳት ያለ ድጋፍ መቆም አትችልም።

ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ሲደርቅ ሱዳናዊው ሽማግሌ ጠባቂ በየዓመቱ ሰዉን ሁሉ ይሰበስባል። በጫካውና በጎጆዎቹ መካከል ያለው ሳር ተመንጥሮ አፈሩ ባዶውን እስኪቀር ይጠረጋል። እሱ በዓረብኛው «ኸጥ ናር» ይለዋል፤ እኛ የእሳት መስመር እንለዋለን። እሳት ቢነሳ የሚበላው አጥቶ እዚያ ይቆማል። ስፋቱን የሚለካው በራሱ እርምጃ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ረጅም ስለሆነ የእኛ ወገብ ነው የሚቆረጠው።

በዚያ ዓመት እርምጃው ያለቀው የእህቴን ጎጆ ከከበበው የሳር አጥር ላይ ነበር። አጥሩን ያጠርኩት እኔ ነኝ፤ አራሷ ላይ የአላፊ አግዳሚ ዓይን እንዳያርፍባት ብዬ። ይነሳ አለ። አይነሳም አልኩ። ክርክር የሚወድ ሰው አይደለም፤ ማጭዱን አነሳና ራሱ ማፍረስ ጀመረ። ልጅ ያልወለደ ሰው ስለ አራስ ምን ያውቃል ብዬ፣ ሌላም ሌላም ጨምሬ ሰደብኩት። ግማሹ በአማርኛ ስለነበር ያልገባው መስሎኝ ነበር። ሳሩን ተሸክሞ ሲሄድ ግን ዘወር አለና፣ አመድ ውሃ ሳይፈስበት እንዳይደፋ፣ የሚደፋውም ለአመድ ከተቆፈረው ጉድጓድ ብቻ እንዲሆን አስጠነቀቀኝ። እሺ አልኩት። አልሰማሁትም።

እናቴ ስታሳድገን ምድጃ ላይ ውሃ አይደፋም ትል ነበር። እሳት ይዳፈናል እንጂ አይጠፋም፤ በአራስ ቤትማ ጨርሶ ነውር ነው። ስለዚህ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍናለሁ፤ ጠዋት ገልጬ አነድድና የተረፈውን አመድ እጠርጋለሁ። ጉድጓዱ ያለው ከጎጆዎቹ ሁሉ ወዲያ ነው። አራስ ደግሞ ብቻዋን አትተውም። እናም መስመሩን ተሻግሬ፣ ማዶ በጫካው በኩል ከቀረው ሳር ጫፍ ላይ ቶሎ ደፍቼ እመለስ ነበር።

እህቴ በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን አመዱን እንደ ልማዴ ደፋሁ። ረፋዱ ላይ ውሃ አለቀብን። ወንዶቹ ማሳ ላይ ናቸው፤ ጎረቤቴም ገበያ ሄዳለች። ከእህቴ ትራስ ሥር ቢላዋ አኖርኩ፤ ብረት ካለ ክፉ መንፈስ አይቀርብም ብዬ። ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ኩሬው ወረድኩ።

ስመለስ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ጭሱ ከጎጆዎቹ ጣራ በላይ ይታየኛል። ጀሪካኖቹን ጥዬ ልሮጥ ስል የያዝኩት ውሃ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ይዤ ልሮጥ ስል ከበደኝ። አንዱን ጣልኩ። እህቴን እየጠራሁ ነው የደረስኩት፤ አልመለሰችልኝም።

ከመስመሩ ማዶ ሳሩ እየተንጣጣ ይነዳል፤ ነፋሱ ነበልባሉን ወደ ጎጆዋ ያጎነብሰዋል። ጠባቂው ብቻውን ፊት ለፊቱ ቆሞ በጆንያ ይመታል። ጀሪካኑን ነጥቆኝ ሌላ ጆንያ አራሰና ወረወረልኝ። ልግባ፣ ላውጣት አልኩት። እስክታወጫት ጣራው ይያያዛል፣ የሚበረውን ብልጭታ አጥፊ አለኝ። ጠላሁት። ግን ታዘዝኩት።

ብልጭታው አጥሬ ከነበረበት ባዶ አፈር ላይ ይዘንብ ጀመር። ረገጥኩት፤ የጫማዬ ላስቲክ እስኪቀልጥ ረገጥኩት። ነበልባሉ መስመሩ ላይ ደረሰ፣ ተነሳ፣ ጎነበሰ፤ የሚበላው አጣና ወደቀ። ወንዶቹ ሲደርሱ ወደ ጫካው የዞረው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ጥቂት ዛፎች ከበላ በኋላ አጠፉት።

ይህ ከስደተኞቹ ካምፕ የሚመጡት እንጨት ለቃሚዎች ሥራ ነው ተባባሉ። እኔ የቀለጠ ጫማዬን ማውለቅ ያዝኩ። ጠባቂው በዱላው የተቃጠለውን ሳር ጫፍ ጫረ። ከጥቁሩ ሥር የእኔ ነጭ አመድ ወጣ፣ የዛሬውም የትናንቱም። እሳት አመድ ወለደ ሲባል ነው የማውቀው፤ የእኔ አመድ እሳት ወልዶ አረፈው። ቀና ብሎ አየኝ። ለወንዶቹ ምንም አልነገራቸውም።

«ሞያ፣ ያ ኡኽቲ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሞያ ኩቢ።»

ውሃ አፍስሺ፣ እህቴ፣ ማለቱ ነው። ያን ሁሉ ስድብ የጠጣ ሰው እህቴ ሲለኝ እንባዬ መጣ። ለወንዶቹ የእኔ አመድ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ የተረፈውን ውሃ ይዤ ጎጆው ገባሁ።

እህቴ ልጅቷን በነጠላ ሸፍና፣ ከግድግዳው ተጣብቃ ተቀምጣለች። ምድጃው ላይ ውሃውን ስደፋ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ።

«እሳቱን ማን ነው የለኮሰው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አመዱን ሳር ላይ ደፍቼው ነው።»

ሌላ ጊዜ ከደጅ ስገባ ገና ሳልቀመጥ «እንኪ እትዬ፣ ያዥልኝ» ትለኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። ልጅቷን ከእኔ ራቅ ወዳለው ክንዷ አዛወረቻት።