ደካማው አምፕሊፋየር

ባለፈው ቅዳሜ ሐናን ዌስትቼስተር ካለው አዲሱ ቤቷ ደወለችልኝ። «ጋሼ ዳኜ፣ ስፒከር ገዛሁ። የአባቴን አሮጌ አምፕ ኮኔክት ላድርገው ወይስ ሌላ ልግዛ? አባቴ ዳኜን ጠይቂ፣ እሱ ያውቃል ብሎኛል» አለችኝ። አባቷ ሰይድ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ስለ ድምፅ አጉሊው አምፕና ስለ ስፒከር መጣጣም የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በእሱ ሰርግ ላይ ነው።

ያኔ ሆሊውድ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሆቴል በር ላይ የእንግዶች መኪና አቆማለሁ፣ እሱ እዚያው ኩሽና ይሠራል። ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጃፋቸው ላይ ከሚሸጡበት ያርድ ሴል ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ተሸክሜ መጥቼ፣ መጽሐፍ በምታህል አምፕሊፋየር አጫውታቸው ነበር። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሰውዬ አምፗ ለእነሱ ታንሳለች ቢለኝ ሳቅሁበት። ስፒከር የሚያቃጥለው ጉልበተኛው አምፕ ነው እንጂ ደካማ ማንን ይጎዳል ብዬ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ።

ሰይድ ሊያገባ ሲል እናቱ እማማ ዘይነባ ከደሴ መምጣት አልቻሉም። መጻፍም ስለማይችሉ፣ እንደዚያ ዘመን ልማድ፣ ምርቃታቸውን በካሴት ቀድተው በመንገደኛ ላኩ። ለወሎ ሰው የእናት ምርቃት የሌለበት ሰርግ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ሰይድም ከሙሽራዋና ከቤተሰቦቿ ጋር ሊሰማው ብሎ ካሴቱን ሳይከፍተው አስቀመጠ። ድምፁን እንዳስተካክል አደራው የተሰጠው ለእኔ ነበር።

ሰርጉ ሃውቶርን፣ በሙሽራዋ አጎት ጓሮ፣ በሐምሌ ወር በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። የሎሚ ዛፉ ሥር የበግ ጥብስ ይጨሳል፤ ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሰዉ ስለሚንጫጫ መንዙማው ከኋላ አልሰማ ብሎ፣ ከመጀመሪያው አንስቶ ያቺን አምፕ እስከ ጥግ ከፍቼ ሳስጮሃት ውያለሁ። ከዚያ ካሴቱን ከተትኩት። እማማ ዘይነባ «ቢስሚላህ» ከማለታቸው ስፒከሮቹ ተንጣጡ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው፣ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። በትልልቆቹ ውስጥ ያሉት፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ ስፒከሮች ተቃጥለው ነበር። ደካማ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ ድምፁ እንደሚበላሽና የሚያቃጥለውም እሱ እንደሆነ አንድ ጠጋኝ የነገረኝ ኋላ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሙሽሪት አቀርቅራለች። ሰይድ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና «አብሽር» አለኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ይሄኔ የሙሽሪት አያት እትዬ ከድጃ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ካሴቱ ተበላሸ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለም እትዬ፣ ስፒከሩ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል? ያቺን የኩሽናዋን ቴፕ አምጡልኝና ቀረብ በሉ።»

ቀረብን። ያ ሁሉ ሰው ወንበሩን ትቶ በዚያች ትንሽ ቴፕ ዙሪያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አውሮፕላን ሲመጣ እትዬ ከድጃ ያቆሙታል፣ ሲያልፍ ያስቀጥሉታል። እማማ ዘይነባ ትዳሩን፣ የሚወለደውን፣ የሚበላውን እንጀራ እየጠሩ መረቁ፤ እኛም አሚን አልን። በመጨረሻ፣ «ያ ዳኜ የሚሉት፣ በሰው አገር ከልጄ ያልተለየው፣ እሱም ልጄ ነው። እጁ የነካው ሁሉ ይቃናለት» አሉ። የተቃጠለው ስፒከር ሽቦ ገና እጄ ላይ ነበር። አሚን ከሚለው ሰው መሀል አንዳንዱ ሳቀ፣ ሰይድም ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ።

እማማ ዘይነባ በዓይኔ ሳላያቸው አረፉ። እጄ የነካውም ሁሉ አልቀናም፤ ትዳሬ ፈርሷል፣ ያሰብኩት ሥራም አልሆነልኝም። ያም ሆኖ ሳያዩኝ የወደዱኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የደወለችልኝ ቅዳሜ ዕለቱኑ ሐናን ቤት ሄድኩ። ስፒከሮቿ ትንንሽ ናቸው፣ የአባቷ አምፕ በደንብ ይበቃቸዋል። አገጣጥሜ ስጨርስ አባቷ የሰጣትን ያንኑ የምርቃት ካሴት አውጥታ ቴፑ ውስጥ ከተተችው። የአያቷ ድምፅ ሲጀምር እጇ ወደ ድምፅ መጨመሪያው ሄደ።

«ተይው፣ አትጨምሪው» አልኳት። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ቀረብኩና ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ።