በሰው ስልክ ላይ ያየሁት የገዛ እጄ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ የሞተ ሰው የለም፣ የተሰረቀ ዕቃም የለም። ግን ዛሬም ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከፍቶ ድምፅ ሲያሰማ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

የምኖረው ቀራንዮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ያኔ ሰብለ ከምትባል ጓደኛዬ ጋር ደባል ነበርን። እኔ ኮልፌ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የተሰፋውን ልብስ በካውያ እተኩሳለሁ። እሷ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል። ሰብለ ደግሞ አፏ አያርፍም። ገበያ ስንሄድ ዋጋ የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የምትለውም እሷ ነበረች። ብቻዬን ስሆን ሌላ ሰው ሲወርድ ጠብቄ አብሬ እወርድ ነበር።

አከራያችን እትዬ ዘነበች ጥሩ ሴት ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ቀልድ አያውቁም። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ «እኔ ያከራየሁት ቤት እንጂ መብራት አይደለም» ይላሉ። ትንሽ የወጥ ሽታ ከመጣ በራችን ላይ ቆመው «ልጆች፣ ምንድነው የሸተተኝ?» ይሉናል። ስለዚህ እኔና ሰብለ አብዛኛውን ጊዜ የምንበላው እንጀራ በቲማቲም ነበር።

ታላቅ እህቴ ስፔን አገር አንዲት አሮጊት ቤት ትሠራለች። ስለ ምድጃው ስነግራት ሳቀችና እሳት የማይፈልግ የምስር ሰላጣ በስልክ አስተማረችኝ። አሮጊቷ በሙቀት ጊዜ የሚበሉት ነው አለችኝ። እነሱ ዓሣና እንቁላልም ይጨምሩበታል፤ ለጾም ያንን መተው ነው።

ምስሩ ተቀቅሎ በቆርቆሮ የታሸገ ነው። ወንፊት ላይ እገለብጠውና አረፋው እስኪጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበዋለሁ። ቲማቲሙና ቃሪያው በደቃቁ ይከተፋል። ሽንኩርቱን ለብቻው መጀመሪያ በጨው አሸዋለሁ፣ ከዚያ አቼቶ አፍስሼበት ትንሽ አቆየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጥሬ ጥሬ ማለቱን ይተዋል። ሁሉንም ቀላቅዬ የወይራ ዘይት ጠብ አደርግበትና ቀስ ብዬ አገላብጠዋለሁ። ቸኩለው ካማሰሉት ምስሩ ይፈርሳል። በቃ፣ አንድ ኮት ተኩሼ እስክጨርስ ይደርሳል።

ሰብለ መጀመሪያ ስትቀምሰው «አዚፋ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ የስፔን ነው።»

«እስካሁን የት ደብቀሽው ነው፣ አንቺ ሌባ?» አለችና ሳህኑን ይዛብኝ አልጋው ላይ ወጣች።

ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት። በፍልሰታ ለስፌት ቤቱና በዙሪያው ላሉ ሠራተኞች የጾም ምሳ እናቅርብ አለችኝ። እሳት ስለሌለው እትዬ ዘነበችም አይቆጡም። «ከሰው ጋር እንዴት እነጋገራለሁ?» ስላት «አንቺ እጅሽን አምጪ፣ አፉን እኔ አመጣለሁ» አለችኝ። አመንኳት። ቀኑን ሙሉ በካውያ እንፋሎት ውስጥ መቆም ሰልችቶኝ ነበር። የራሴ ሥራ ሊኖረኝ ነው ብዬ ልብስ እየተኮስኩ እንኳ የማስበው ስለ ምሳ ሳህኖቹ ነበር።

እሑድ ዕለት ሰው እንዲያውቀን ቪዲዮ እናንሳ አለች። «ፊትሽን አላወጣም፣ እጅሽን ብቻ ነው። ድምፁን በኋላ እኔ እጨምርበታለሁ» አለችኝ። ጥፍሬን ቆርጬ፣ እጄን በደንብ ታጥቤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አውራ ጣቴ ላይ ካውያ ያቃጠለኝ ጠባሳ አለ። ልሸፍነው ስል «ተይው፣ አይታይም» አለች። ሠርቼ ስጨርስ ሰላጣውን አብረን በላን።

በማግስቱ ቪዲዮው እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኳት። «ስልኩ በላው፣ ተበላሽቷል» አለችኝ። ምንም አልመሰለኝም፤ ደግመን እናነሳዋለን አልኳት።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ዝናብ ነበር። ከኮልፌ ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ስልኳን ከፍታ ታያለች። ስልኩን ሳላይ ድምፁን አወቅኩት።

«ስፔን በነበርኩበት ጊዜ ይቺን ሰላጣ በየቀኑ ነበር የምሠራት፣ ውዶቼ።»

ሰብለ ናት። ሰብለ ከቡራዩ ማዶ ሄዳ አታውቅም። ዞር ብዬ ሳይ ስልኩ ላይ ያለው እጅ የእኔ ነው። ሽንኩርቱን እያሸ ነው። ጠባሳውም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሴትዮዋ እያየሁ መሆኔን ስታውቅ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ። «አየሽልኝ? እሳት እንኳ አልነካችም እኮ። እጇ ይባረክ።»

«አዎ» አልኩ። እጄን ሹራቤ እጅጌ ውስጥ ከተትኩት።

ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ሰብለ ከሰኞ ጀምሮ አስኮ አንድ ካፌ ውስጥ የጾም ምግብ እንደምትሠራ ተናገረች። «ኑ፣ በእጄ አጎርሳችኋለሁ» አለች። ሴትዮዋ ሳቀች።

የምወርድበት ፌርማታ ደረሰ፤ አለፈም። «ወራጅ አለ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሲወርድ ረዳቱ «እህት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው?» አለኝ። ወርጄ በዝናብ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ሰብለ አልጋ ላይ ሆና ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች።

«ቪዲዮው ተበላሽቷል አላልሽኝም?» አልኳት።

«አየሽው?» አለች። አልደነገጠችም። «ታዲያ ምን ላድርግ? የካፌው ባለቤት አይታው ደወለችልኝ። የምትፈልገው አንድ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ሰው ፊት ስትቆሚ ትንፋሽሽም አይሰማም፣ የኔ ቆንጆ። እኔ ገብቼ ልደላደልና እወስድሻለሁ።»

የካፌው ባለቤት የደወለችው ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ነው። ሰብለ የዋሸችኝ ግን ከዚያ በፊት፣ ቪዲዮውን ባነሳን ማግስት ነው። ይህ በልቤ መጣ፤ አፌ ላይ ግን አልደረሰም። የረጠበ ሹራቤን አውልቄ ሰጣሁ።

ጥፍሯን እየቀባች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ሽንኩርቱ ግን መጀመሪያ ጨው ነው ወይስ አቼቶ?» አለችኝ።

«ጨው» አልኳት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዕቃዋን ጠቅልላ ከቤቱ ስትወጣ ወንፊቱንም ይዛው ሄደች።

እትዬ ዘነበች «ያቺ ለፍላፊ የት ጠፋች?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሥራ አግኝታ ነው» አልኳቸው። ጾሙ ገባ፣ የእኛ ምሳ ቀረ። እኔም ከካውያዬ ጋር ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን እህቴ ደወለችልኝ። «ሰው ቪዲዮ ልኮልኝ በጠባሳሽ አወቅኩሽ። የምትለፈልፈው ግን ማናት? ስፔን ያለሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» እያለች ሳቀች።

ሰብለን ይቅር ብያታለሁ ብል ውሸት ነው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ አሁን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የምለው ራሴ ነኝ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ረዳት «ማነው ያለው?» ይላል። እደግመዋለሁ።

ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ከገዛሁ በኋላ ያንን አንዳንድ ቀን ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ። ድምፅ ከሌለው ጥሩ ሥራ ነው፤ ምስሩ አንዱም አልፈረሰም። ከሥሩ ሰዎች «እጅሽ ይባረክ» ብለው ጽፈዋል። የሚያመሰግኑት እሷን ነው። እኔ ግን ክፍሌን ዘግቼ አንድ በአንድ አነብና «አሜን» እላለሁ።