ድንጋዮቼ ነጭ አልነበሩም

መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባለው የሣር ሜዳ አውሮፕላን የማሳርፈው እኔ ነበርኩ። አብራሪዎቹ ይህን ስል ይስቃሉ፤ ይሳቁ። መሪውን የሚይዙት እነሱ ቢሆኑም ከብቱን ከሜዳው የማስወጣው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በሬዲዮ የምናገረው፣ ይግቡ ወይም ይቆዩ የምለው እኔ ነኝ። አንድ የወረዳ ሹም እንኳ አቋራጭ ብሎ በሜዳዬ መሀል ሲያልፍ ፊሽካ ነፍቼ አስወጥቼዋለሁ። ተቆጣ፣ እኔም ተቆጣሁ፣ ከዚያ በኋላ ዞሮ መሄድ ለመደ።

ወደ እኛ የሚመጡት መድኃኒትና ሐኪም የሚያመላልሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩ። ከአዲስ አበባ ሲነሱ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ አምባ፣ ከአምባው ማዶ ሌላ ሸለቆ ነው፤ ከላይ ሲያዩት አንዱ አምባ ከሌላው አይለይም ይሉኛል። መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ቢኖራቸውም ወደ መሬት ሲቀርቡ ሁሉም የሚያምነው ዓይኑን ነው። የእኔ ሜዳ ምልክት ግራና ቀኝ የተደረደረው፣ በኖራ የተቀባው ድንጋይ ነበር። እያንዳንዱን በእጄ ቀብቼዋለሁ። ያ ክረምት ግን ኖራውን ጠራርጎ ወሰደውና ድንጋዩ ጭቃ መሰለ። ኖራ ላኩልኝ ብዬ ስጨቀጭቅ ዋናው ቢሮ "ይላካል" ይለኛል። አልተላከም።

መስከረም ላይ የዋለ ኢድ ነበር። አባቴ ኢድን የሚሰግደው የትውልድ ቦታው ከላላ ሄዶ፣ ከወንድሞቹ ጋር ነው፤ በዋዜማው በሚኒባስ ሄዷል። እኔም አብሬው ልሄድ ተዘጋጅቼ ሳለ ክትባት የጫነ አውሮፕላን በጠዋት ይመጣል ተባለ። "ኢድ ነው እኮ!" ብል "በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል" አሉኝ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ እየተነጫነጭኩ ሜዳው ላይ ቆምኩ።

አብራሪው ለመንገዱ አዲስ ነበር። ደመና ገጥሞት ወደ ምሥራቅ ዞር ብሎ እንደመጣ በሬዲዮ ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ደስ ብሎት ተመለሰ።

"ሜዳሽ ታየኝ። ሁለቱም የነጭ ድንጋይ ረድፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ልወርድ ነው።"

ቀና አልኩ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ የሞተር ድምፅም የለም። ከዚያ ድንጋዮቼን አየኋቸው። ነጭ አልነበሩም።

ታዲያ የማንን ነጭ ነው የሚያየው? ወዲያው ገባኝ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከመጣ ከሥሩ ያለችው ከላላ ናት፤ እዚያ ኢድ የሚሰገደው ረዥምና ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ወንዶቹ ከፊት በረዥሙ ይሰለፋሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ፤ በመሀላቸው አረንጓዴ ሣር ይቀራል። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ሰዓቱም የሶላቱ ሰዓት ነው። አባቴ ደግሞ ከፊተኛው ሰልፍ ጠፍቶ አያውቅም።

ሬዲዮውን አፈፍ አደረግሁ። ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

"ካፒቴን፣ አይውረዱ። የሚያዩት የእኔን ሜዳ አይደለም።"

"ከፊቴ ነው እኮ! ድንጋዩ እየታየኝ..."

"የእኔ ድንጋይ ነጭ አይደለም! ያ ሰው ነው፣ የሚሰግድ ሰው! ውጣ! ወደ ላይ ውጣ አልኩህ!"

ሬዲዮው ተንጫጫ። ከዚያ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

"ወጥቻለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ። "እውነትሽን ነው። ሰው ነው።"

ወደ ሰሜን ምዕራብ እንዲዞር፣ ሸለቆውን ተሻግሮ የቆርቆሮ ጣሪያ የበዛበትን ከተማ እንዲፈልግ ነገርኩት። "ሞተርህን ሰማሁ ሳልልህ አንድ ክንድ እንዳትወርድ" አልኩት። አልወረደም። ድምፁን ሰማሁ፣ ነገርኩት፣ አረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሳልሰማው እኔ ሜዳ ላይ የወረደ አብራሪ የለም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም።

ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። ልቆጣው አስቤ ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ "አንተ አልሽኝ አይደል?" አለኝ። "ሌላ ጊዜም እላለሁ" አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አባቴ በማግስቱ የኢድ ሥጋ ይዞ መጣ፤ ደስታው ከፊቱ አልጠፋም።

"ወላሂ፣ አውሮፕላንሽ መጥቶልን ነበር! ለኢዱ ሰላምታ የላክሽልን መስሎኝ" አለ። "በጆሯችን ስር ነው ያለፈው። ነፋሱ ጋቢዬን ገለበጠው።"

"ታዲያ አልሸሻችሁም?"

"ሱጁድ ላይ ነበርን።"

"አንድም ሰው አልተነሳም፣ አባባ?"

"ኢማሙ ሳይነሳ?" አለኝ፣ በጥያቄዬ ተገርሞ። "ግንባሩን መሬት ላይ ያደረገ ሰው ምን ብሎ ይነሳል?"

ድንጋዮቼ ነጭ ሆነው ቢሆን ኖሮ ይውረዱ እለው ነበር፤ ከሰጋጆቹም አንዳቸው አይነሱም ነበር። ሜዳው ላይ ያልመጣብኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ እጁን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"አብሽሪ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?"

"ኖራ ላኩልኝ ብያቸው" አልኩት፣ "አልላኩልኝም።"