የዳኛው ሚስት ማስረጃ

በ1990 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ መካከል በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ የምትኖረው እናቴ የሟች ባሏን ጡረታ ተከለከለች። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሚስትነቷን የሚያረጋግጥላት ዳኛ አልነበረም። የወረዳው ብቸኛ ዳኛ ባሏ፣ አባቴ፣ ነበር።

ይህን ያስጻፈኝ ሰሞኑን ለአስተያየት የተላከልኝ የሕግ ረቂቅ ነው፤ የዳኞች ቤተሰቦች ጡረታ ከየት በሚገኝ ገንዘብ እንደሚሸፈን ይዘረዝራል። የመዋጮውን ስሌት መረመርኩ፤ እንከን የለውም። የአባቴም መዋጮ እንከን አልነበረበትም፤ ደመወዙ እጁ ሳይገባ በየወሩ ይቆረጥ ነበር።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ በወባ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ በ1989 ሐምሌ ላይ፣ ከእናቴ ጋር በአይሱዙ ጭነት ላይ በኮረሪማ ጆንያዎች መካከል ተቀምጠን ሚዛን ሄድን። ጭቃው መኪናውን ሁለት ጊዜ ያዘው። በሙዝ ቅጠል የጠቀለልነውን የጎደሬ ቅቅል ዝናብ እየመታን በላን።

የጡረታ ሠራተኛው ፋይሉን ገለጠና፣ «የጋብቻ ማስረጃ?» አለ።

«በሽማግሌ ነው የተጋባነው። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ከተማው ማኅተም የለውም፣ እናቴ። በወረዳችሁ ፍርድ ቤት ያስወስኑ። እስከ መስከረም መጨረሻ ካላመጡ ፋይሉ ይዘጋል።»

ማስረጃውን እናቴ ቀደም ሲል አባቴን ጠይቃው ነበር። «የራሴን ጉዳይ በራሴ ችሎት አላይም፤ ሁለተኛ ዳኛ ሲሾም ይደርሳል» አላት። በመልሱ ኮርቼ ነበር። ዛሬ አልኮራበትም።

ከሚዛን እንደተመለስን የወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር አቶ ደምሴ ዘንድ ቀረብን። ከአባቴ ጋር ለዓመታት የሠራ፣ ከገበታችን የማይጠፋ ሰው ነበር። ማመልከቻውን ተቀብሎ መዝገብ ከፈተ፤ ቀጠሮ ግን አልሰጠንም።

«ዳኛ የለማ፣ እትዬ አስካለ።»

«የት ሄደ?» አለች እናቴ፣ ከድካም የተነሣ ይመስለኛል።

ብዕሩን አስቀመጠ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ የቀበሩት?»

እናቴ ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

መስከረም አለቀ። ተተኪው ዳኛ ጥር ላይ ተሾመና በሳምንቱ ሚስትነቷን አረጋገጠ። ውሳኔውን ይዘን ሚዛን ስንደርስ ፋይሉ ተዘግቷል ተባልን። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ከእናቴ ጎን በቡና መጋዘን ፍሬውን ከገለባ የምለይ ለቃሚ ሆንኩ፤ የገለባው ብናኝ ዐይኗን እስኪጋርደው ድረስ ለቀመች። ወደ ትምህርት ቤት የተመለስኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በረቂቁ ውስጥ ያ የጊዜ ገደብ አሁንም አለ፤ ቤተሰቡ የፍርድ ቤት ውሳኔ በተወሰነው ቀን ካላቀረበ መብቱን ያጣል። ስለ ገንዘቡ ምንጭ የምለው የለኝም። አርቃቂዎቹ ግን ይህን በጽሑፍ ይመልሱልኝ፦ ችሎቱ ዳኛ አጥቶ በተዘጋበት ጊዜ፣ ቀኑ በሟች ዳኛ ሚስት ላይ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?